ተራው ሳይደርስ የተለቀሰ ለቅሶ

የእኔ ሥራ አውሮፕላን ማስቆም ነው። ሰው ይህን ስለው ይስቃል፤ «ማስነሳት እንጂ ማስቆም ምን ሥራ ነው?» ይለኛል። እንግዲህ ምን ላድርግ፣ ሥራዬ እሱ ነው። አዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ፣ የትኛው አውሮፕላን ስንት ሰዓት ላይ መሬት መልቀቅ እንዳለበት አስልቼ እሰጣለሁ። ያቺን የመነሻ ሰዓት ስሎት እንላታለን። ተሳፋሪ ስሎት የሚባል ነገር አያውቅም። በሩ ተዘግቶ፣ ቀበቶው ታስሮ፣ ሞተሩ ሳይነሳ ዝም ብሎ ሲቀመጥ፣ ካፒቴኑ «በአየር ትራፊክ ምክንያት ትንሽ እንቆያለን» ሲል ይሰማል። ያቺ «ትንሽ» የእኔ ናት። የሚራገመውም እኔን ነው፤ እኔ ደግሞ አልሰማውም።

መጀመሪያ ሰሞን አስብ ነበር። አንዱን ባስቆምኩ ቁጥር ውስጡ ማን ተቀምጦ ይሆን፣ ሐኪም ቤት የሚደርስ አለ ይሆን፣ ቀብር የሚደርስ አለ ይሆን እያልኩ እብሰለሰል ነበር። ኋላ ተውኩት። እንዴት እንደተውኩት አላስታውስም፤ አንድ ቀን ሳየው ትቼዋለሁ። አሁን ስክሪኑ ላይ የማየው የበረራ ቁጥር ብቻ ነው። ቤት ስገባም እንደዚያው ነኝ፤ ደስታውም ኀዘኑም ዘግይቶ ነው የሚደርሰኝ፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይደርሰኝም።

ነገሩ በዘር ሳይሆን አይቀርም። አባቴ ቢቸና መናኸሪያ የስምሪት ሠራተኛ ነበሩ፤ መኪና በተራው ያስወጣሉ። በእሳቸው ጊዜ ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ፣ ደብረ ወርቅ ሳይደረስ፣ በክረምት መኪና እየያዘ የሚያስቸግር ጭቃ ነበር። አንዱ ከተያዘ የኋለኛው ሁሉ እዚያው ሜዳ ላይ ይሰለፋል። ስለዚህ አባባ የፊተኛው ጭቃውን ማለፉን ሳይሰሙ የኋለኛውን አይለቁም። ሹፌሩ ይነጫነጫል፣ ረዳቱ ይሳደባል፣ ተሳፋሪው በመስኮት አንገቱን እያወጣ ያማርራል። አባባ ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው «አሁን ይወጣል» ይላሉ። የእሳቸው «አሁን» ግማሽ ቀን ሊሆን ይችላል። «ምክንያቱን ለምን አይነግሯቸውም?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «ከነገርኳቸው ሁሉም መንገድ አዋቂ ይሆንብኛል» አሉኝ።

እኔ ሥራ ስይዝ ግን አንድ ነገር አልገባ አላቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ በደወሉ ቁጥር ይጠይቁኛል። «ሰማይ ሜዳ ነው። ጭቃ የለበት፣ ድልድይ የለበት። አውሮፕላን ምን ሆኖ ነው ተራ የሚጠብቀው?» እኔም «ስመጣ አስረዳዎታለሁ» እላለሁ። በስልክ ማስረዳት ይሰለቸኝ ነበር። ስሄድ ደግሞ ይረሳል፤ ወይ እሳቸው ይረሳሉ፣ ወይ እኔ ዝም እላለሁ። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመታት ሄዱ።

ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት ወንድሜ ደወለልኝ። ወንድሜ ቢቸና አስተማሪ ነው፤ ከአባቴ ጋር ነው የሚኖረው። በስልክ ሲያወራ የሚጮኽ ሰው ነው፤ ከቢቸና አዲስ አበባ ድረስ ድምፁን ማድረስ ያለበት ይመስለዋል። ያን ቀን ድምፁ ለስለስ ያለ ነበር።

«አባባን ትንሽ አሟቸዋል» አለኝ።

«ምን ሆኑ?»

«ምንም አይደለም፣ አሁን ሻል ብሏቸዋል። ግን ከቻልሽ ነይ።»

«እስቲ ስልኩን ስጣቸው።»

«ተኝተዋል። አትቸኩዪ፣ ቀስ ብለሽ ነይ።»

ይህን ለሰማ የእኛ አገር ሰው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በእኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። ሩቅ ያለ ሰው «አሞታል፣ ሻል ብሎታል፣ ነይ» ተብሎ ይጠራል። ሲደርስም ቶሎ አይነገረውም፤ እህል ቀምሶ፣ እረፍት አድርጎ፣ በማለዳ ዘመድ ተሰብስቦ ነው የሚረዳው። እናቴ የሞተች ጊዜ ለእኔ የተባለው ቃል በቃል ይኸው ነበር። ያኔ ወንድሜን አምኜ ብርቱካን ገዝቼ ሄድኩ። ስደርስ እናቴ ከተቀበረች ሰንብታለች። ብርቱካኑን ለቀስተኛ በላው።

ስለዚህ ስልኩን ዘጋሁና አባቴ ሞተዋል አልኩ ለራሴ። ምንም አልተሰማኝም። ፊቴን ታጠብኩ፣ ጥርሴን ቦረሽኩ፣ ነጭ ነጠላ ከሻንጣው አወጣሁ። ብርቱካን አልገዛሁም።

በዚያ ሰሞን የዓባይ በረሃው መንገድ ተዘግቶ ስለነበር በአውሮፕላን ባሕር ዳር ገብቼ፣ ከዚያ በሚኒባስ በሞጣ በኩል መዞር ነበረብኝ። መሥሪያ ቤት ደውዬ ፈቃድ ጠየቅኩ። ያን ጠዋት በእኔ ወንበር የገባችው ባልደረባዬ ነበረች፤ አብረን ሠልጥነን አብረን የገባን፣ አንዳችን የአንዳችንን ፈረቃ የምንሸፍን ጓደኛሞች ነን። «አባቴ ታመው ነው» አልኳት። ሞተዋል ማለት አልፈለግኩም፤ ሳያረዱኝ እኔው መርዶ ነጋሪ መሆን ደስ አላለኝም።

ተሳፈርን። በሩ ተዘጋ። ሞተሩ አልተነሳም። ካፒቴኑ ያንን የእኔን ቃል ተናገረ። አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ «አይ እነዚህ ሰዎች፣ ሰው ቀጥረው መጫወት» አሉ ወደ እኔ ዞረው። «ባሕር ዳር ጉም ይሆናል» አልኳቸው። «አንቺ በምን አወቅሽ?» አሉኝ። ቀበቶዬን ላላ አደረግኩ።

ጥቂት ቆይቶ ስልኬ ጠራ። ባልደረባዬ ናት። «ባሕር ዳር ጉም ነው፤ ያቆምናቸው ተደራርበዋል፤ የእናንተ ገና ነው» አለችኝ። «አሁን ግን አንዱ ብልሽት ገጥሞት ሰዓቱን ለቋል። ለእናንተም ለሌላ አንድ በረራም እኩል ይገባል፤ ለየትኛችሁም ብሰጠው ማንም አይጠይቀኝም። አባትሽ ታመዋል ብለሽኛል። ልስጣችሁ?»

ያንን የመሰለ ሰዓት ባሕር ዳር ጠዋቱን ያስገባን ነበር። ከሰዓት ሞጣን አልፈን ሳይመሽ ቢቸና እንገባለን። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ አሰላሁት፤ ሥራዬ ነው። ግን ለሞተ ሰው ምን ይቸኮላል አልኩ።

«ግድ የለም፣ ለሌላው ስጪው» አልኳት።

«አባትሽ አይደሉም እንዴ?»

«ናቸው። ግድ የለም።»

«እሺ» አለችኝና ዘጋችው። ከዚያ የእኛ ሰዓት ሲቃረብ አንድ ተሳፋሪ ተነስቶ «ከዚህ በላይ አልቀመጥም፣ አውርዱኝ» አለ። ሰው ሲወርድ ሻንጣው አብሮ መውረድ አለበት፤ ሻንጣው ደግሞ ከሁሉም ሻንጣ ሥር ነበር። ፈልገው እስኪያወጡት ሰዓታችን ተቃጠለ። ወደ ሰልፉ ጭራ ሄድን። ሁላችንንም አስወርደው አዳራሽ ውስጥ አስቀመጡን። አጠገቤ የነበሩት ሰውዬ አየር መንገዱንም፣ መንግሥትንም፣ ጣናንም ሰደቡ። እኔ ኬክ በላሁ። መራቤም አልነበረም፤ እጄ ላይ ስላስያዙኝ ነው።

ባሕር ዳር የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። ሞጣ ሚኒባሱ ሲያራግፈን ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። በዚያ ሰሞን ከመሸ መኪና አይንቀሳቀስም፤ የስልኩ መስመርም አንዴ ይመጣል አንዴ ይጠፋል። ሞጣ አክስቴ አለች፤ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። እሷ ዘንድ ላድር ሄድኩ።

ወንድሜ ለእሷም በዚያው ጠዋት ደውሎ ኖሯል፤ «ትንሽ አሟቸዋል፣ ሻል ብሏቸዋል፣ ብትመጪ ጥሩ ነው» ብሏታል። እሷም እንደ እኔው ተርጉማው፣ ግን ልቧ አላምን ብሎ ቀኑን ስትንቆራጠጥ ውላለች። እኔን ደጃፏ ላይ ነጠላ ለብሼ ባየችኝ ጊዜ ቁርጡን አወቀች። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጣችው ቢነግሯት ነው አለች በሆዷ። እኔ ደግሞ አቅፋኝ ስትንቀጠቀጥ፣ ለቢቸና ቅርብ ናት፣ ሰምታለች አልኩ። አንዳችን አንዳችንን አልጠየቅንም። የሚጠየቅ ነገር አይደለም።

«እህል ቅመሺ ልጄ» አለችኝ። ቀመስኩ። መርዶ የሚረዳ ሰው እህል እንደሚቀምሰው እያንዳንዱን ጉርሻ እያወቅኩ ዋጥኩት። ጠዋት ሊያረዱኝ ነው ብዬ ተኛሁ።

ጠዋት ማንም አላረዳኝም። የአክስቴ ጎረቤቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ግቢው ውስጥ ቆመው ነበር፤ አንዷ ሙስሊም ናት፣ የአክስቴ የልብ ወዳጅ፣ ጥቁር ሻሿን አጥብቃ አስራ መጥታለች። ሁሉም እያየኝ አንገቱን ይደፋል። እያንዳንዱ ሌላው አርድቷታል ብሎ ነው። እኔም ነጠላዬን ዘቀዘቅኩ። ሚኒባስ ኮንትራት ይዘን ወጣን። ደብረ ወርቅን ስናልፍ አክስቴ ቀስ ብላ፣ ለራሷ፣ ስትደርስ የምትለውን ግጥም ትሞክር ነበር።

ቢቸና መናኸሪያ ወረድን። አባባ ዕድሜያቸውን የጨረሱባት የቆርቆሮ ክፍል በሯ ተዘግቷል። ከዚያ ጀምሮ ያየን ሰው ሁሉ ፊታችንንና ነጠላችንን አየት እያደረገ ከኋላችን ገባ። አንዱ ሱቁን ዘግቶ ተከተለን። አባባን የሚያውቁ ሽማግሌ ኮፍያቸውን አውልቀው ተቀላቀሉ። ማን ሞተ ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም፤ እኔን አይተው ነው የተረዱት። ቤት ስንደርስ ኋላዬ ያለው ሰው መንገዱን ሞልቶት ነበር።

ደጃፉ ላይ ድንኳን አልነበረም። አይቼዋለሁ። አንስተውታል ማለት ነው ብዬ አለፍኩት። አክስቴ ከአጥሩ በር ላይ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ጀመረች።

«ስንቱን የሸኘው ሰው፣ ማን ሸኘልኝ ዛሬ፣
ፊሽካውን የሚነፋ፣ ጠፋ ወይ ከአገሬ፣
ወንድምዓለሜ፣ ወንድምዓለሜ...»

ያኔ እኔ ላይ የሆነውን ነገር እስካሁን አላውቀውም። እዚያው ጭቃው ላይ ወድቄ አለቀስኩ። በሕይወቴ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም፤ ለእናቴም አላለቀስኩም። ለአባባ፣ ለእናቴ፣ ላላስረዳኋቸው ነገር፣ ለዘጋሁት ስልክ፣ ለሁሉም በአንድ ላይ አለቀስኩ። ሴቶቹ ደግፈው ያዙኝ። ከኋላ ያለው ሕዝብ አብሮ አለቀሰ።

ወንድሜ ብርጭቆ በእጁ እንደያዘ በባዶ እግሩ ሮጦ ወጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ምን ሆናችኋል? ኧረ ዝም በሉ!» ብሎ የአክስቴን አፍ በመዳፉ ያዘ። ለቅሶው ከፊት ወደ ኋላ ቀስ በቀስ ጸጥ አለ። ያኔ ከቤት ውስጥ የደከመ ድምፅ ተሰማ።

«ማን ሞተ?»

አባባ ነበሩ።

ስንገባ በትራስ ተደግፈው አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። እግራቸው አብጧል፣ ፊታቸው ከስቷል። አጠገባቸው የአጥሚት ጎድጓዳ አለ። ወንድሜ አንድም ቃል አልዋሸም ነበር። እውነትም ልባቸውን አሟቸው ነበር፣ እውነትም ሻል ብሏቸው ነበር፣ ሲደውልልኝ ደግሞ እውነትም ተኝተው ነበር። ድምፁ የለሰለሰው ሌሊቱን ሲያስታምም አድሮ ስለደከመው ነው። አባባ እያንዳንዳችንን በየተራ አዩን፤ ከዚያ ነጠላችንን አዩ።

«ማን ሞተ?» አሉ ደግመው።

«ማንም አልሞተም አባባ» አለ ወንድሜ።

«ማንም አልሞተም ወንድምዓለም» አለች አክስቴ፤ እንባዋ ገና ጉንጯ ላይ ነው።

አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። እሳቸውም እኮ የእኛው አገር ሰው ናቸው። ለታመመ ሰው መርዶ እንደማይነገር ከእኛ ይበልጥ ያውቃሉ። «ገባኝ፤ ሕመምተኛ ስለሆንኩ ነው የምትደብቁኝ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው የከፋው። ሮብ ገበያ ከተማ የሚኖር ታላቅ ወንድም አላቸው። እሱ ነው የሞተው ብለው ደመደሙ። አይደለም ብንል ማን ይመነን። በስልክ እንዳናገናኛቸው መስመሩ እምቢ አለ፤ እሱም ለእሳቸው ማስረጃ ሆነ። በማግስቱ የአክስቴን ባል ጠረጠሩ። ቀጥለው ከወንድሜ ልጆች አንዱን። ልጁን አምጥተን አሳየናቸው፤ ዳስሰውት ሲያበቁ «እንግዲያስ ወንድሜ ነው» አሉ። ጋቢዬን አውልቁልኝ፣ አሮጌውን ስጡኝ አሉ። አጥሚቱንም አልጠጣም አሉ። ማን እንደሞተ ሳያውቁ ኀዘን ተቀመጡ። ሊያያቸው የመጣው የጤና መኮንን፣ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ልጅ ነው፣ ነገሩ ግራ ገብቶት «ካልበሉ ልባቸው አይችልም፤ የሆነውን ንገሯቸው» ብሎን ሄደ።

መንገር እኮ ቀላል ነበር። አክስቴ ግን አይሆንም አለች። «በቁምህ አልቅሰንልሃል ተብሎ ይነገረዋል? ሟርት ነው። ገደልነው ማለት ነው» አለች። ወንድሜም ከእሷ ጋር ሆነ። እኔ ሐሳብ አልሰጠሁም። ከዚያ ለቅሶ በኋላ ባዶ ሆኜ ነበር፤ ሰው ሲናገር ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ ወደ ውስጥ የሚገባ ነገር የለም። የማውቀው አባቴ በሕይወት እያሉ በእኛ ለቅሶ የተነሳ እየሞቱ መሆናቸውን ብቻ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት ሁሉም ወጣ ብለው ብቻችንን ቀረን። አባባ ፊታቸውን ከግድግዳው ሳይመልሱ «ለመሆኑ በአውሮፕላን መጥተሽ እንዴት ሞጣ አደርሽ?» አሉኝ። የድሮ የስምሪት ሠራተኛ ናቸው፤ ጉዞው አልገጠመላቸውም።

«አውሮፕላኑ ቆሞብን» አልኩ።

«ለምን ቆመ?»

ዓመታት ሙሉ ሲጠይቁኝ የኖሩት ጥያቄ ነው። ወንበሬን ወደ አልጋው ሳብ አድርጌ ነገርኳቸው። «አባባ፣ አውሮፕላን መነሳት አያቅተውም፤ የሚቸግረው ሲደርስ ማረፊያ ማግኘቱ ነው። ባሕር ዳር ማረፊያው አንድ ነው። በክረምት ጠዋት ጠዋት ከጣና ጉም ይነሳና ማረፍ አይቻልም። ቀድመው የሄዱት ላይ ሆነው እየዞሩ ይጠብቃሉ፤ ሲዞሩ ነዳጅ ይጨርሳሉ፤ መኪና አይደሉ፣ ነዳጅ አለቀ ብለው ዳር ይዘው አይቆሙ። ስለዚህ ያልተነሳውን መሬት ላይ እናስቆመዋለን። ጉሙ ሲገለጥ አራርቀን፣ ለየአንዳንዱ መነሻ ሰዓት ሰጥተን እንለቃቸዋለን።»

ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። «የደብረ ወርቁ ጭቃ» አሉ።

«እሱው ነው።»

«ታዲያ ሰዉን ለምን በሩን ዘግታችሁ ታስቀምጡታላችሁ?»

«ሰዓቱ ሲደርስ ተዘጋጅቶ ካልተገኘ ያልፈዋል። ትንሽ ቀደም፣ ትንሽ ዘግየት ቢል ይፈቀድለታል። ከዚያ ካለፈ እንደገና ከኋላ ነው።»

«ልክ ነው» አሉ። እንዲህ ነቃ ብለው ካየኋቸው ቆይቼ ነበር። «አንዱ ተራውን ቢተውስ?»

«ለሌላው ይሰጣል።»

«ለእናንተ አልደረሳችሁም?»

መዋሸት እችል ነበር። አልደረሰንም ማለት አንድ ቃል ነው። «ደርሶን ነበር» አልኩ። «ባልደረባዬ ልስጣችሁ ብላ ደወለችልኝ። እኔ ነኝ ለሌላ ስጪው ያልኳት።»

አባባ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አላነሱም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ተራ ሲለምናቸው የኖሩ ሰው ናቸው፤ ተራ ተሰጥቶት እምቢ ያለ መንገደኛ አይተው አያውቁም። «ለምን?» አሉኝ።

«የሚያስቸኩል ነገር የለም ብዬ።»

«አባትሽ ታሞ?»

«አባባ» አልኳቸው፣ «የሞቱት እርስዎ ነበሩ።»

ግቢው ውስጥ ዶሮዎቹ ሲጭሩ ይሰማል። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የወንድሜን ስልክ፣ የአክስቴን ደጃፍ፣ ከመናኸሪያ ጀምሮ የተከተለንን ሰው። ስነግራቸው ድምፄ ሥራ ላይ እንደማወራው ነበር፤ ያለ ምንም ስሜት፣ በቅደም ተከተል።

«እና ያ ሁሉ ሰው ለእኔ ነው?» አሉ።

«አዎ።»

«ሙስሊሟ ሴትዮም?»

«አዎ፣ እሷም።»

«እህቴ ምን ብላ አለቀሰች?»

ግጥሙን ነገርኳቸው። እስቲ ድገሚው አሉኝ። ደገምኩት። ፊሽካው ላይ ሲደርስ አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ያዙ፤ ሳቅ ነው መሰለኝ፣ ወደ ሳል ተለወጠ። ሳሉ ሲለቃቸው ያን አጥሚት አቀብዪኝ አሉ። እያየኋቸው እስከ ግማሽ ጠጡት።

«ያቺን ሰዓት ግን ባትለቂያት ጥሩ ነበር» አሉኝ ጎድጓዳውን ሲመልሱልኝ። «ሁለተኛ እንዲህ ሲሉሽ አትተርጉሚ። ዝም ብለሽ ነይ።»

«እሺ አባባ» አልኩ።

አክስቴ ስትሰማ ተቆጣች፤ ኋላ ግን አባባ ራሳቸው ከአልጋቸው ሆነው «ማን ሸኘልኝ ዛሬ» እያሉ ሲያበሽቋት እሷም ሳቀች። መብላት ጀመሩ፣ እብጠቱም ቀለል አለ። ፈቃዴ ሲያልቅ ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩ። መሥሪያ ቤት ገብቼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩና አውሮፕላኖቼን ማስቆም ቀጠልኩ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ወንድሜ በጠዋት ደወለ። ድምፁ ለስለስ ያለ ነበር።

«አባባን ትንሽ አሟቸዋል። ሻል ብሏቸዋል ግን። ከቻልሽ ነይ።»

«ስልኩን ስጣቸው።»

«ተኝተዋል።»

አልተረጎምኩም። ቃል ገብቻለሁ። ፊቴን ሳልታጠብ ወጣሁ። ለባልደረባዬ ደውዬ «አባቴ ታመዋል፤ ክፍት ሰዓት ካገኘሽ ለእኛ ስጪን» አልኳት። ሌላ ምንም ሳትጠይቀኝ «አሁኑኑ ተሳፈሩ» አለችኝ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ያን ቀን በሰዓታችን ተነሳን፤ ሞተሩ ሲነሳ ከተሳፋሪው ሁሉ ያመሰገነ አንድም ሰው አልነበረም። ባሕር ዳር ገበያ ብርቱካን ገዛሁ፤ አባባ የሚወዱትን፣ ልጣጩ ስስ የሆነውን መረጥኩ። ሞጣ ስደርስ የአክስቴ በር ተቆልፏል። ጎረቤቷ፣ ያቺ ሙስሊም ሴትዮም፣ የለችም። ገበያ ሄደው ይሆናል አልኩ። አልተረጎምኩም። ሚኒባስ ውስጥ ነጠላዬን እንደ ደህና ቀን ጥለቱን ወደ ውጭ አድርጌ በትከሻዬ ላይ አጣፋሁት።

ቢቸና መናኸሪያ ስወርድ ድንኳኑ ከሩቅ ታየኝ። መንገዱ ላይ ያገኘሁት ሰው ሁሉ ነጠላውን ዘቅዝቋል። እያዩኝ መንገድ ይለቁልኛል፤ ማንም ምንም አላለኝም። ወንድሜ ደጃፉ ላይ ተቀብሎ አቀፈኝ። «ስደውልልሽ እውነት ሻል ብሏቸው ነበር» አለኝ ጆሮዬ ሥር። እውነቱን ይሁን አይሁን አልጠየቅኩትም፤ እስካሁንም አላውቅም።

አክስቴ ከድንኳኑ ወጥታ መጣች። ነጠላዬን ከትከሻዬ አውርዳ፣ ዘቅዝቃ አለበሰችኝ። ሴቶቹ እንዳልወድቅ ግራና ቀኝ ክንዴን ያዙኝ። አልወደቅኩም። ሁሉም እንባዬን ይጠብቃል፤ የዚያን ዕለት ጭቃው ላይ ያለቀስኩት ሁሉ ግን የእሳቸው ነበር፣ ሌላ አልተረፈኝም። ብርቱካኑ ከብዶኝ ነበር፤ የት እንደማስቀምጠው ዙሪያዬን እመለከት ነበር።